ብርሌ ከነቃ ለአበባ ይሆናል

አዲስ አበባ ውስጥ «ባህላዊ» ወይም «ቪንቴጅ» ነኝ የሚል ካፌ ስትገቡ በሩ አጠገብ ምን እንደሚጠብቃችሁ ታውቁታላችሁ፦ ክዳኑ የተነሣ መሶብ፣ ውስጡ እስከ አፉ የፕላስቲክ ጽጌረዳ። ፎቶ ታነሡታላችሁ፣ ትለጥፋላችሁ፣ ላይክ ይዘንባል። እኔን ይህ ነገር ያናድደኛል። «አበባ ነው እኮ፣ ምን ያናድዳል?» ለምትሉኝ፣ አበባም ስላልሆነ ነው የሚያናድደኝ።

መሶብ የሣር ስፌት ነው። ውኃ አይይዝም፤ እርጥበት ከሰነበተበትም ይሻግታል። ስለዚህ መሶብን የአበባ ማስቀመጫ ያደረገ ሰው ሳያስበው ፕላስቲኩንም አብሮ መርጧል፤ ሕይወት ያለው አበባ እዚያ ውስጥ አይሰነብትም። አንዲት ሴት አክርማና ስንደዶ ለቅማ፣ በወስፌ እየወጋች የደከመችበት ሥራ ከእንጀራው ተነጥሎ የፕላስቲክ መጋዘን ሆነ ማለት ነው።

ደግሞ ይህ የሚሆነው የት ሀገር ነው? በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ በምትልክ ሀገር። ሆለታና ዝዋይ የተቆረጠ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ ሆላንድ፣ አልስሜር ጨረታ ላይ ይቀርባል። እኛ ጋ የቀረው በየሳምንቱ አቧራው በጨርቅ የሚወለወለው ነው። መብራት ላይ ልጆች እውነተኛውን ጽጌረዳ ታቅፈው የመኪና መስታወት ያንኳኳሉ፤ ካፌው ግን መርካቶ ወርዶ ፕላስቲክ ይገዛል። ለምን ስትሉ «አይጠወልግም» ይሏችኋል። አዎ፣ አይጠወልግም። አደይ አበባን የምንወዳት እኮ በመስከረም መጥታ ስለምትሄድ ነው።

በጀበናዋ ላይ የሚሠራው ይብሳል። ጤነኛ፣ ገና እሳት ያልጠገበች ጀበና ገዝተው ወርቃማ ቀለም ይቀቧታል፤ ከዚያ የሽቦ ግንድ ይሰኩባታል። ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪዎች ጭቃውን አቡክተው፣ በእጃቸው አቁመው፣ በእሳት ጠብሰው ያወጧት ቡና እንድታፈላ ነው። ይህች ሀገር ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለች፣ ከእሷ ጋር አልጋባም እያለች ኖራለች። አሁን ዕቃዋን ለጌጥ ስንገትረው ሠሪዋን ያከበርን ይመስለናል። ማክበር ከሆነ ነገሩ፣ ዋጋዋን ሳትከራከሩ ግዟትና ቡና አፍሉባት!

አሮጌ ዕቃ ላይ አበባ መኖሩን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ጭራሽ በዚያ መሀል ነው ያደግኩት። እኛ ሰፈር ግቢው ሁሉ እንደዚያ ነበር፦ የኒዶ ጣሳ ላይ ጤና አዳም፣ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ጽጌረዳ፣ ታቹ የተሸነቆረ ማንቆርቆሪያ ላይ በሶብላ። አንዲት ጎረቤታችን እማማ (ስማቸው ይቅር) ከሁሉ ያማረውን አበባቸውን የተከሉት ፖፖ ላይ ነበር፤ ማንም አልሳቀባቸውም። ጣሳው ታቹን በምስማር ሦስት አራት ቦታ ይበሳል፣ ውኃው እንዲወርድ፤ ከሥር ጠጠር፣ ከላይ አፈር። በቃ። ለዚህ ሁሉ ዕውቀት ማንም ስም አላወጣለትም።

ከዚያ ቤቱ ቀለም ሲቀባ፣ ሶፋ ሲገባ፣ ጣሳዎቹ «ድህነት ያስመስላሉ» ተብለው ለቁራሌው ተሰጡ፤ ሳሎን ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ገባ። ዛሬ ያው ጣሳ ገመድ ተጠምጥሞበት ካፌ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ «ዋው» እንላለን። ያፈርነው በጣሳው ከነበረ ዛሬስ ለምን አናፍርበትም? ያፈርነው በሰዎቹ ነበር፤ አሁን ሰዎቹ ስለሌሉበት አማረን።

«ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው» ብለው የሚያጣጥሉም አሉ። ፈረንጆቹ ዘንድ እንኳ ነገሩ እንዲህ አልነበረም። እንግሊዛዊቷ ኮንስታንስ ስፕራይ እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1930ዎቹ በኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮና በሶስ ማቅረቢያ ላይ የጎመን ቅጠልና ከአጥር ሥር የለቀመችውን አረም ከአበባ ጋር ታሰናዳ ነበር። ከዚያ በፊት ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ፋብሪካ ለሚሠሩ ልጃገረዶች አስተማሪ ነበረች። ለ1953ቱ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን በዓልም አበባ እንድታሰናዳ የተጠራችው እሷው ናት። ጎመን ነው ያልኳችሁ፣ ፕላስቲክ አላልኩም።

እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፦ ዕቃው ሥራውን ጨርሷል ወይ? ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ከተማ ውስጥ በእንስራ ውኃ የሚቀዳ የለም፤ አበባ ያዙበት፣ ያምርበታል። ብቻ በሴት ጀርባ ዳገት ሲወጣ የኖረ ዕቃ መሆኑን አትርሱ። አንገቷ የተሰበረ ጀበና ቡና አታፈላም፤ ሆዷ ውስጥ ትንሽ ብርጭቆ አስቀምጡ፣ ሸክላ እርጥበት ስለሚያሳልፍ ጠረጴዛችሁን ያበላሻል። ዝገት የጀመረው ጣሳም እንዲሁ። አፉ ሰፊ ከሆነ የዶሮ ሽቦ አጣጥፋችሁ ክተቱበት፣ ግንዱን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። የሠርግ ዲኮር ሰዎች የሚወዱት አረንጓዴ ስፖንጅ ግን እሱም ፕላስቲክ ነው፤ ተፈርፍሮ አፈር ውስጥ ይቀራል። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፣ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ።

ተረቱ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል። ለጠጅ እውነት ነው፤ ከንፈሩ የተሸረፈ ብርሌ አፍ ይቆርጣል። ስንጥቁ ወደ ሆዱ ካልወረደ ግን ውኃ ይይዛል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ አንድ ግንድ ያለምንም ድጋፍ ያቆማል፤ መስታወት ስለሆነም ውኃው ሲደፈርስ ያሳብቅባችኋል። ከዚያ መብራት ላይ ካለው ልጅ አንድ ጽጌረዳ ግዙና ሰክታችሁ እዩት። ከጥቂት ቀን በኋላ አንገቷን ትደፋለች። ያኔ ሌላ ትገዛላችሁ፤ ልጁ እዚያው መብራቱ ጋ ነው።