ፍሬኗስ?

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ብስክሌት ነው። «አገሩ በስንት ጉዳይ ተወጥሮ እናንተ ስለ ብስክሌት?» የምትሉን አትጠፉም። ታገሡን፤ ወደ መጨረሻው ነገሩ ከብስክሌት ሰፋ ይላል።

ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከምሳ በኋላ። አንድ የሰፈራችን ልጅ (ስሙን አንጠራም፤ እናቱ እስካሁን አልበረደላቸውም) በአንድ ብየዳ ቤት ጓሮ ለወራት ሲቀጠቅጣት የከረመውን ብስክሌት እየገፋ ብቅ አለ። ከአጎቱ ጓዳ አቧራ ለብሳ የተገኘች ፎኒክስ ነበረች። አሁን ግን የወተት ቀለም ተቀብታለች፤ ኮርቻዋ በጫማ ሰፊ እጅ አዲስ ቆዳ ለብሷል፤ ከመሪዋ ፊት አንድ ትልቅ ክብ መብራት ተተክሏል፤ ከላይኛው ብረት ሥር ሞላላ የቤንዚን መያዣ ተንጠልጥሏል። መሃል ሆዷ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሞተር ተቀምጣለች። ልጁ ወጣባት፣ ሁለት ሦስቴ ፔዳል መታ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ… ፕርርርርር!

ጭብጨባውን ብታዩት! ያልጮኸ የለም፤ ስልኩን አውጥቶ ያልቀረጸም የለም። እኛም ቀርጸናል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ዕድሜ ልካቸውን ብስክሌት ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው የፊቱን ቸርኬ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና፣

«ፍሬኗስ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ለመሄድ ነው የተሠራችው!» አለ ከመሃላችን አንዱ። ሳቅን። ከሁሉም በላይ የሳቅነው እኛ ነን። የዛሬው ጽሑፋችን የዚያ ሳቅ ዕዳ ነው።

* * *

መጀመሪያ ለልጁ የሚገባውን እንስጠው። ሐሳቡን ያገኘው ከኢንተርኔት ቪዲዮዎች ነው። አሜሪካኖች «ክሩዘር» የሚሏት ብስክሌት አለቻቸው፤ ጎማዋ ወፍራም፣ ኮርቻዋ ሰፊ፣ መሪዋ ወደ ነጂው የተቀለበሰ። ዘሯ ሽዊን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 በወፍራም ጎማ ካወጣት ብስክሌት ይመዘዛል። ዛሬ ከየሱቁ ርካሿን ክሩዘር ይገዙና ከቻይና የሚመጣ ባለሁለት ምት ሞተር ይገጥሙባታል። ቀለም ሲቀቧትና የቤንዚን መያዣ ሲያንጠለጥሉባት የዛሬ መቶ ዓመት የእሽቅድምድም ሞተር ትመስላለች። ለእኛ ልጅ ክሩዘር ከየት ይምጣለት? ፎኒክስ ግን ነበረችው። እንደውም አሮጌ ለማስመሰል አልደከመም፤ ድሮውንም አሮጌ ናት!

«ይሄማ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» የሚል ካለ አንድ ታሪክ እንንገረው። ሶይቺሮ ሆንዳ ጃፓን በጦርነቱ ከወደቀች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ የጦር ሠራዊቱ ሬዲዮ ጄኔሬተር ያንቀሳቅስበት የነበረ ትንሽ ሞተር አገኘ። ሞተሩን ብስክሌት ላይ ገጠመው። ለመጀመሪያው ሙከራ የቤንዚን መያዣ አጥቶ፣ ጃፓኖች በብርድ ሌሊት አልጋ የሚያሞቁበትን የሙቅ ውኃ ዕቃ ነበር የተጠቀመው። ከፈተኗት ሰዎች አንዷ ሚስቱ ሳቺ ነበሩ። ዛሬ በየመንገዱ «ሆንዳ» የሚል ጽሑፍ ባያችሁ ቁጥር ያቺን የሙቅ ውኃ ዕቃ አስቧት። በዚያው ዘመን ፈረንሳዮችም ሶሌክስን፣ ጣሊያኖችም ኩቾሎን ይዘው ብስክሌት ላይ ሞተር ሲጭኑ ነበር። ችግር የወለደው ብልሃት እንጂ ጨዋታ አይደለም ማለታችን ነው።

የእኛው ልጅ ብልሃትም ቀላል አልነበረም። ሞተሯ በግራ በኩል የራሷ ካቴና አላት፤ ካቴናዋ የምታሽከረክረው ጥርሳም ብረት ከኋላ ቸርኬ ሽቦዎች ጋር በጎማ ቁራጭ መሃል ተጣብቆ ይታሰራል። ትንሽ ጠመም ካለ ካቴናው ይዘላል። ልጁ ይህን ለማስተካከል ብቻ ሳምንታት ፈጅቶበታል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር በልኩ መቀላቀልንም ተማረ፤ ባለሁለት ምት ሞተር የሚለሰልሰው በዚያው ድብልቅ ነውና። ከዚህ ሁሉ በላይ ያስገረመን ግን የአየሩ ነገር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ሞተሩ ጥቁር ያጨሳል፣ ያስላል፣ ይደክማል። ልጁ ማንም ሳያስተምረው የካርቡራተሯን መርፌ ዝቅ አድርጎ ቤንዚኑን ቀነሰላት። ሳሏ ጠፋ። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ልጅ ነው ፍሬኑን ያልነካው!

ለምን አልነካውም? ማንም አልጠየቀውማ! ሞተር ድምፅ አለው፤ ቪዲዮ ላይ ያምራል። ፍሬን ግን ምን ድምፅ አለው? ደግ ከሆነ ዝም ይላል።

* * *

እስቲ አብረን እናስላ። በፎኒክስ ፔዳል እየመታን ስንሄድ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንሄዳለን እንበል። ሞተሯ 45 ካስኬደችን ፍጥነታችን ሦስት እጥፍ ሆነ። ለማቆም የሚፈለገው ጉልበት ግን ሦስት እጥፍ አይደለም፤ ዘጠኝ እጥፍ ነው። በዚያው ፍሬን በዚያው ኃይል ብንይዝ በሁለት ሜትር እንቆም የነበርነው አሥራ ስምንት ሜትር እንፈልጋለን። ሞተሩና ቤንዚኑ የጨመሩትን ክብደት ገና አልቆጠርንም። የአሮጌዋ ፎኒክስ ፍሬን ደግሞ በረጃጅም ብረቶች እየተሳበ ትናንሽ ጎማዎችን ከብረት ቸርኬ ጋር የሚያጣብቅ ነው። ቸርኬው ሲረጥብ ጎማው መያዙን ትቶ ይንሸራተታል። የጎጃምን ክረምት ለምታውቁ ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገንም።

ቁልቁለቱንም አትርሱ። ደብረ ማርቆስ የሜዳ ከተማ አይደለችም። ሉማሜን አልፎ ደጀን የደረሰ ሰው ደግሞ ዓባይ በረሃ ይጠብቀዋል፤ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። የጭነት መኪና ሾፌር እንኳ ማርሽ አክብዶ፣ ስለት ተስሎ የሚወርደው መንገድ ነው።

ስለ ቁልቁለት ካነሣን፣ ክሩዘሮቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ማሪን አውራጃ አንዳንድ ወጣቶች አሮጌ ክሩዘሮቻቸውን እየነዱ በአንድ የተራራ መንገድ ቁልቁል መሽቀዳደም ጀመሩ። ክሩዘሮቹ የነበራቸው ፍሬን አንድ ብቻ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው የኋላ ፍሬን ነበር። ቁልቁለቱ 400 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ታች ሲደርሱ ግን የቸርኬው መሃል ግሎ ውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። ከዚያ ፈትተው አዲስ ግራሶ መሙላት ነው። ውድድሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ «ሪፓክ» አሉት፣ እንደገና መሙላት እንደማለት። ልጆቹ ግራሶ በመሙላት ብቻ አልቀሩም። የተሻለ ፍሬን ፈልገው ገጠሙ፤ ማርሽ ጨመሩ፤ ከመካከላቸው ጆ ብሪዝ የተባለው አዲስ አካል እስከ መሥራት ደረሰ። ዛሬ በዓለም ሁሉ «ማውንቴን ባይክ» የምትባለው ብስክሌት ከእነዚያ ልጆች እጅ ነው የወጣችው። አያችሁ? «ፍሬኗስ?» ብሎ መጠየቅ ፈጠራን አይገድልም። እንደውም ፈጠራው አንዳንዴ ከዚያ ጥያቄ ይጀምራል።

* * *

የእኛው ልጅ ግን ያን ጥያቄ የሰማው ከሳቃችን ጋር ነው። ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ፣ ካፊያ በጣለበት አንድ ማለዳ ቁልቁል ሲወርድ ከፊቱ አንዲት ተማሪ መንገድ ልታቋርጥ ገባች። ፍሬን ያዘ። ቸርኬው እርጥብ ነው። ያዘ… አልያዘም። ልጅቷን ላለመግጨት መሪውን ወደ ቦይ አዞረው። እሷ ደንግጣ ቆመች እንጂ ምንም አልነካትም። እሱ የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። ለሁለት ወር ያህል እጁን በጨርቅ አስሮ ሲሄድ ባየነው ቁጥር ስልካችን ውስጥ ያለው ቪዲዮ ከበደን። ቪዲዮው ላይ የራሳችን ሳቅ ይሰማል። ከሳቁ በፊት ደግሞ፣ ልብ ብሎ ለሰማ፣ «ፍሬኗስ?» የሚል አንድ ቀጭን ድምፅ አለ።

አሁን ወደ ሰፋው ነገር እንግባ። እኛ አገር አንድ ወጣት አንድ ነገር ሲሠራ ሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚጠብቀው። አንደኛው አጨብጫቢ ነው። ካሜራ ይዞ ይመጣና «ሐሳቡ እንዴት መጣልህ? ስንት ብር ፈጀብህ? ከመንግሥት ምን ድጋፍ ትፈልጋለህ?» ይላል። «የት ፈተሽከው? ሲበላሽ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ አልሰማንም። ሁለተኛው ከልካይ ነው። ነገሩ ሰሌዳ እንደሌለው ያይና ይወስደዋል። አጨብጫቢው አይመረምርም፤ ከልካዩም አይመረምርም። አንዱ ሁሉን ያደንቃል፣ ሌላው ሁሉን ያግዳል። በመሃል መጥቶ በግራሶ እጁን አቆሽሾ «ይቺ ብሎን ላልታለች፣ አጥብቃትና ነገ ተመለስ» የሚል ሰው ጠፋ።

እኛ የምንለው አጭር ነው፤ ሊመረመር የሚገባውን ነገር ማድነቅ ብቻውን ወዳጅነት አይደለም። የከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ጋራዥ አለው፣ አስተማሪ አለው፣ ተማሪ አለው። በወር አንድ ቅዳሜ በሩን ከፍቶ «በእጃችሁ የሠራችሁትን አምጡና እንፈትሽላችሁ» ቢል ምን ይጎድልበታል? የትራንስፖርት ቢሮውስ በዚያው ቀን አንድ ባለሙያ ልኮ የተፈተሸችውን ብስክሌት በወረቀት ቢያውቃት? በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነጂው ፔዳል ሲመታ ብቻ የምታግዝ፣ ጉልበቷ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ እገዛዋም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቋረጥ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እንደ ብስክሌት ትቆጠራለች። ከዚያ ያለፈች ሌላ ሕግ አላት። ልኩ ታወቀ፣ ሁሉም ቦታውን ያዘ። ልክ ከሌለ ግን የሚቀረው ወይ ጭብጨባ ወይ ክልከላ ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ሞተር ብስክሌቶችን በፈቃድ ካልሆነ ስትከለክል ስንት ሰው ሥራው እንደተናጋ እናስታውሳለን።

«ልጆቹን ተስፋ አታስቆርጡ» ትሉን ይሆናል። ተስፋ የሚያስቆርጠውስ አንገት መሰበር ነው! «ፍሬን በምን ብር?» ለምትሉም መልስ አለን። ሞተር የገዛ ሰው፣ ከተጣለ ማውንቴን ባይክ ላይ ፍሬን ነቅሎ በበያጅ ማስገጠም አያቅተውም። ቅደም ተከተሉን ብቻ ይገልብጥ፤ መጀመሪያ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሞተር፣ ቀለሙ መጨረሻ።

«የቤንዚን ዘመን እኮ አለፈ» የምትሉስ? እውነት አላችሁ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ክልላችን በገባበት ግጭት መሃል አንድ ሊትር ቤንዚን ማግኘት ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። መንግሥትም በጥር 2016 ዓ.ም የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አሳውቋል። ጎጃምን በሚከብበው በዓባይ ላይ የተሠራው ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። እናም የነገው ልጅ ብስክሌቱ ላይ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር እንደሚገጥም አንጠራጠርም። ያኔ ጭሱም ጩኸቱም ይቀራል። ብስክሌቷ ግን የባትሪ ክብደት ትሸከማለች፤ ድምፅ ስለሌላትም መንገድ የምታቋርጠው ተማሪ መምጣቷን አትሰማም። ያኔም ጥያቄው ያው ነው።

* * *

ልጁ ድኗል። ሰሞኑን ወደዚያው ብየዳ ቤት ጓሮ ተመልሷል። በዚህ ጊዜ አዛውንቱ አብረውት አሉ። ሞተሯ በጨርቅ ተጠቅልላ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች፤ እስኪፈቅዱለት አይነካትም። ከተጣለ ብስክሌት የተነቀለ የፊት ፍሬን አስገጥመዋል። የኋላውንም ቀይረዋል። ባለፈው ቅዳሜ ቁልቁለቱ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩና ቸርኬዎቹ ላይ አንድ ጣሳ ውኃ ደፍተው «ልጄ፣ ና እንግዲህ!» አሉት። ያለ ሞተር ወረደ። ከመስመሩ ሦስት እርምጃ አልፎ ቆመ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና «ገና ነው» አሉ። ሲደግመው አንድ እርምጃ አለፈ። በአምስተኛው መስመሩን ሳይነካ ቆመ።

ማንም አላጨበጨበም ነበር፤ ሲቆም ማጨብጨብ ስላልለመድን። እኛ ጀመርን።

እናንተም በየሰፈራችሁ፣ በባሕር ዳርም ይሁን በአዲስ አበባ፣ አንድ ልጅ በእጁ የሠራትን ነገር እያንጓጓ ብቅ ሲል አጨብጭቡለት፣ ይገባዋል። ከዚያ ግን ጎንበስ በሉና ቸርኬውን ዳሰስ አድርጋችሁ ያቺን ጥያቄ ጠይቁት። የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

ቸር ይግጠመን!