ከዋሽንግተን፣ ለጅማና ለቡና ከተሞቿ ወገኖች

ይድረስ በጅማ፣ በአጋሮ፣ በጎማ፣ በሊሙና በጌራ ላላችሁ ወገኖች። ይህ ደብዳቤ ስለ ቡና ዋጋም ስለ ቤት መሥሪያ ቦታም አይደለም። አሜሪካ ያሉ የእናንተው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከዋናው ትምህርታቸው ጎን ስለሚይዙት ማይነር፣ ከማይነርም ስለ ሥነ ጥበብ ታሪክ ነው።

ማይነር ለሀገር ቤት ሰው እንግዳ አይደለም። ቀደም ባለው ዘመን የተመረቁ መምህራን «ሜጀሬ ታሪክ፣ ማይነሬ ጂኦግራፊ» ሲሉ ይሰማል። በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ 120 ክሬዲት አካባቢ ሲሆን፣ የሥነ ጥበብ ታሪክ ማይነር ብዙውን ጊዜ ከዚያ ውስጥ 18ቱን፣ ማለትም ስድስት ኮርስ ያህል ይወስዳል። «ሥዕል ምን ያበላል?» ብሎ ነርሲንግ በምታጠና ልጁ ላይ ለሚቆጣ አባት መልሱ እዚሁ ላይ ነው፤ ልጅቷ ነርሲንጓን አልተወችም።

መስፈርቱ እንደየዩኒቨርሲቲው ይለያያል እንጂ አካሄዱ ይመሳሰላል። መጀመሪያ ሰርቬይ የሚባሉ ሁለት የመግቢያ ኮርሶች አሉ፤ አንዱ ከዋሻ ሥዕል እስከ መካከለኛው ዘመን ካቴድራሎች፣ ሌላው ከህዳሴው ዘመን እስከ ዛሬ ይዘልቃል። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ያለን ጥበብ የሚያጠና ቢያንስ አንድ ኮርስ በብዙ ቦታ ግዴታ ነው። የቀሩት ምርጫ ቢሆኑም አንዳንዶቹ ከፍ ካለው ደረጃ መወሰድ አለባቸው። ከ«ሲ» በታች ውጤት የመጣበት ኮርስ በአብዛኛው አይቆጠርም። ለሜጀር የተወሰደን ኮርስ ለማይነርም ማስቆጠር ገደብ አለው፤ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወር ክሬዲትም እንዲሁ። በሜጀር ደረጃ የሚያጠኑት ብዙ ጊዜ የውጭ ቋንቋ ሲጠየቁ፣ የማይነር ተማሪ ከዚህ ጣጣ ብዙውን ጊዜ ነፃ ነው። አድቫይዘር ዘንድ ቀርቦ የማይነሩን ፎርም መሙላቱ ግን ለአራተኛ ዓመት ባይተው ይመረጣል፤ የሚያስፈልገው ኮርስ በዚያ ሴሚስተር ላይሰጥ ይችላል።

ሰርቬዮቹ የራሳቸው ችግር አለባቸው። ለብዙ ዓመታት በእነዚህ ኮርሶች ሲነበብ የኖረው የጃንሰን የሥነ ጥበብ ታሪክ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲታተም አንዲት ሴት ሠዓሊ እንኳ አልያዘም ነበር። በ1926 የወጣውና እየታደሰ እስከ ዛሬ የዘለቀው የጋርድነር መጽሐፍ ኋላ ላይ የላሊበላዋን ቤተ ጊዮርጊስ አካቷል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ጊቤን ተሻግሮ ወደ ጅማ የሚወርድ የመግቢያ ኮርስ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

በሩን የሚከፍተው ያ «ከአውሮፓ ውጭ» የሚለው ግዴታ ነው። የኢትዮጵያ ጥበብም እዚህ እንግዳ አይደለም። ዋሽንግተን ውስጥ በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. አስተምሯል፤ ሠዓሊው ወሰኔ ኮስሮፍም እዚያው የተማረ ነው። ባልቲሞር የሚገኘው ዋልተርስ ሙዚየም በ2023 መጨረሻ ትልቅ የኢትዮጵያ ጥበብ ዐውደ ርእይ ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌሎች ሁለት የአሜሪካ ሙዚየሞች ተዘዋውሯል። ስለዚህ ተማሪዋ ስለ ሀገሯ ለመጻፍ ፈቃድ አያጥራትም። የሚያጥራት ሌላ ነገር ነው።

በእነዚህ ኮርሶች የመጀመሪያው የጽሑፍ ሥራ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዕቃ ፊት ቆሞ ዐይን ያየውን ብቻ ሦስት አራት ገጽ መጻፍ ነው። የጅማ በርጩማ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ ምስማር የለ፣ ሙጫ የለ፣ መጋጠሚያ የለ። መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ ተፈልፍሏል፤ እግሮቹ ወደ ውጭ ዘርዘር ብለዋል። ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ባለ አራት እግሩ ሲንገዳገድ ባለ ሦስቱ ጸጥ ብሎ ይቆማል። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ደግሞ የቡና ጥላ ነውና በርጩማው ከቡና ማሳው ጋር ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ከጅማ መሃል 7 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ጅሬን ላይ ያለው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እንዲሁ የእንጨት ሥራ ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ሙስሊም ንጉሥ ባለ ሰገነት ፎቅ በኢስላም ጥበብ ኮርስ ውስጥ ቢነሣ ቦታው ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍ ላይ ነው ነገሩ የሚቆመው። መምህሩ «ማን ሠራው? መቼ? ለማን?» ብሎ ይጠይቃል። በምዕራብ ሙዚየሞች ከአፍሪካ የእንጨት ሥራ ጎን የሚለጠፈው ካርድ ብዙ ጊዜ የሕዝቡን ስም ይጽፍና ሠሪውን «ያልታወቀ» ብሎ ያልፈዋል። የሠሪው ስም መታወቁ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማየት ሠዓሊውን ፍሬ ጽዮንን ማሰብ ይበቃል። ጣና ላይ በዳጋ እስጢፋኖስ ያለ አንድ ሥዕል የሠዓሊውንና የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብን ስም የያዘ ጽሑፍ አለበት። በዚያ መነሻነት ሌሎች ሥዕሎች ከእርሱ ጋር ተያያዙ፤ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ማሪሊን ሄልድማንም በ1994 እ.ኤ.አ. ስለ እርሱ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመች። ያ ጽሑፍ ባይኖር ፍሬ ጽዮንም «ያልታወቀ» ሆኖ በቀረ።

እንግዲህ ልመናው ለእናንተ ነው። ቤታችሁ ያለውን በርጩማ የጠረበው ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ካረፈ ልጆቹን። ስሙን ከነአባቱ፣ ቀበሌውን፣ እንጨቱን፣ ለሠርግ ይሁን ለገበያ መሠራቱን በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጽፋችሁ ከፎቶው ጋር አስቀምጡ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህራንም ይህን ለተማሪ የቤት ሥራ ቢያደርጉት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉበት ሙዚየም እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ልጆች ከውጭ ሲመጡም ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ብቻ አታዟዙሯቸው፤ አንድ ቀን ጠራቢው ዘንድ አስቀምጧቸው፣ ደብተርም ያዙላቸው።