ፀሐይን 12 ጊዜ የሚጽፋት ባልንጀራዬ

ነሐሴ 13 ቀን ለደብረ ታቦር ሰው ከበዓልም በላይ ናት። የከተማዋና የበዓሉ ስም አንድ በመሆኑ ነው መሰል፣ ተበትኖ የከረመው ልጇ ሁሉ በቡሄ ሰሞን ደጇን ይረግጣል። ባለፈው ቡሄ እኔ ቤት ያረፈው እንግዳ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን የተማርን፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በዲጂታል ማስታወቂያ ሥራ የሚተዳደር አብሮ አደጌ ነበር። ሦስት ቀን ሰነበተ። ውጪ የጉና ብርድ፣ ውስጥ ደግሞ እርሱ፤ በግራ እጁ ሙልሙል ይዞ በቀኙ ላፕቶፑን ሲነካካ ያመሻል። እኔም በልቤ እታዘበው እንደ ነበር አልሸሽግም።

ትዝብቴ ምክንያት ነበረው። ይህ ሰው በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ግጥም ሲያነብ ሜዳው ጸጥ ይል ነበር። እኔ የባንክ ሠራተኛ ሆኜም ስንኝ መቋጠሬን አልተውኩም፤ እርሱ ግን ከተወው ቆየ። «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ ነው የምትውለው?» አልኩት።

«ሌላ ሰው የሠራውን ማስታወቂያ ቦታ ቦታው አስይዛለሁ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስታወቂያውን አይጽፍም፣ አይሥልም። የተዘጋጀውን ይረከብና የምስሉን ልክ ያያል፤ ሲነኩት ወደ ትክክለኛው ገጽ መውሰዱን ይፈትናል፤ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የሚታይበትን አካባቢ፣ አንድ ሰው ስንት ጊዜ እንደሚያየው ይሞላል። ከዚያ ይለቀዋል። በማግሥቱ ትናንት ስንት ጊዜ እንደ ታየ ይመለከታል፤ የዘገየውን ይገፋል፣ የፈጠነውን ይገታል። ወር ሲያልቅ የአሰራጩን ቁጥርና የአስነጋሪውን ቁጥር ያስታርቃል። የሁለቱ ልዩነት እስከ 10 በመቶ ከሆነ በሙያው ልማድ እንደ ደኅና ይታለፋል ሲለኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እኛ ዘንድ የጥቂት ብር ጉድለት እስከ ማታ ታስመሻለች! «ይህንን ሥራ አስኪያጃችን ፊት እንዳትደግመው» አልኩት።

ሙያው በዓለምም ቢሆን ወጣት ነው። የመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ባነሮች የወጡት በ1987 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ «ሆትዋየርድ» በተባለ የአሜሪካ ገጽ ነበር። ግብሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዋጁ የንጉሡ ነው፤ ነጋሪቱ ግን ገበያው ሞልቶ ሳለ መጎሰም አለበት። ገበያ ከተበተነ በኋላ የተነገረ አዋጅ ማን ሰማው?

ደንበኛ «መስከረም 1 ከምሽቱ 1 ሰዓት ይውጣ» ብሎ ይልካል። ማሽኑ መስከረም 1ን አያውቅም። ቀኑ በአብዛኛው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ያለፈው ዓመት ጷጉሜን 6 ከሆነች ግን፣ እንደ 2016 ዕንቁጣጣሽ፣ 12 ላይ ይውላል። የምሽቱ 1 ሰዓትም በማሽኑ 19 ሰዓት ነው። ይህንን የሚያስታርቅ ሰው ከሌለ «እንኳን አደረሳችሁ» ዋዜማ ላይ፣ ያውም በሌሊት ይበተናል።

ከሁሉ የገረመኝ የፊደሉ ነገር ነው። አስነጋሪዎች ማስታወቂያቸው ከሞትና ከአደጋ ወሬ ጎን እንዲቆም አይሹም፤ ስለዚህ የሚሸሹ ቃላት ዝርዝር ይዘጋጃል። ማሽኑ የሚያየው የፊደሉን መልክ እንጂ ድምፁን አይደለምና፣ ሞክሼ ሆሄያት በሙሉ መዘርዘር አለባቸው። «ፀሐይ» የሚለውን አንድ ቃል ውሰዱ። መጀመሪያው በሁለት፣ መካከሉ በስድስት መንገድ ስለሚጻፍ (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) 12 ፀሐዮች ይወጣሉ! እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ሞክሼዎቹ ይቀነሱ አይቀነሱ እያልን ስንሟገት ኖረናል፤ እኔም «አይነኩ» ከሚሉት ወገን ነኝ። ለእርሱ ግን ሙግት ሳይሆን የሌሊት ሥራ ነው።

ፊደሉ ቢያልቅ ትርጉሙ ይመጣል። አንድ ጊዜ የበዓል ማስታወቂያ፣ «ደስ ይበላችሁ» እያለ፣ ከአንድ አዛውንት የቀብር ዜና ሥር ወጣበት። ዜናው «አረፉ» ነው የሚለው፤ «አረፉ» ደግሞ ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ይጨመር ቢባል እንግዶች ሆቴል ያረፉበት ዜና ሁሉ ሊታገድ ነው። ስለዚህ ነገር ክፉኛ ተወቅሷል። ከዚያ ወዲህ ገጾቹን ራሱ፣ በዓይኑ ያነባል። ሰምና ወርቁን ለመለየት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላገኘም።

ውድ አንባብያን፣ ማስታወቂያን ላወድስ አልተነሣሁም። የምወደውን ጽሑፍ ሳነብ መካከል ላይ ብቅ ሲልብኝ ስልኬን ልወረውር ይቃጣኛል። ዳሩ ግን ይህ የቁልፍ ነካኪ ሥራ አይደለም፤ የቋንቋ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ቀጣሪዎቹ እንደ ቋንቋ ሥራ አይከፍሉበትም፣ እኛም እንደ ቋንቋ ሥራ አናከብረውም። ማሽኑ የተሠራው ለሌላ ፊደል መሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አንድ አጭር የስልክ መልእክት በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በእኛ 70 ብቻ ነው። አማርኛ በየስልኩ ላይ እንዴት ሆኖ እንደሚታይ በየዕለቱ የሚወስነው ደግሞ እንደ ባልንጀራዬ ያለው ሰው ነው። ግጥም የተወ መስሎኝ ስታዘበው የኖርኩት ሰው ከእኔ ይልቅ ፊደል ሲቆጥር ያድራል።

በመጨረሻው ማታ ሌላ ነገር አጫወተኝ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ጠዋት ሰንጠረዡን ሲከፍት የአማራ ክልል ረድፍ ወደ ዜሮ ወርዶ አገኘው። አለቃው «ለክልሉ የተመደበውን በጀት ወደ ሌላ አዙረው» አለው፤ አዞረው። ለወራት ያቺን ረድፍ በየጠዋቱ ያያት ነበር። «እናቴ እዚያ ዜሮ ውስጥ ነበረች» አለኝ። ሁለታችንም ዝም አልን።

ከሄደ ከሳምንት በኋላ መልእክት ላከልኝ፦ «አንተ ገጣሚ፣ ሞትን የምንጠራባቸውን ቃላት በሙሉ ጽፈህ ላክልኝ።» ባንኩ ከተዘጋ በኋላ ወንበሬ ላይ ቀረሁና ጻፍኩ፦ ሞተ፣ አረፈ፣ አለፈ፣ ተለየ፣ አሸለበ፣ አንቀላፋ፣ ተሠዋ፣ ነፍሱ ወጣች፣ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ… 43 ደርሻለሁ። ሞክሼዎቹን ገና አልጀመርኩም።