ዶዘር ለፎቶ ያምራል፤ ፕሮሶፒስን የሚገድለው ግን ዶማ ነው

በአፋር ስለ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ስንት ማሽን ይገዛ?» የሚለው ነው። መቅደም የነበረበት ግን ሌላ ነው፦ ዛፉ የሚያቆጠቁጠው ከየት ነው? ይህን ሳያውቅ ማሽን የሚገዛ ሁሉ የሕዝብ ገንዘብ በረሃ ላይ እየደፋ ነው።

ዛፉ መጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ በአዋሽ ሸለቆ ተተከለ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት በከንቱ አይደለም። ዛሬ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወርሯል። የአሚባራና የገዋኔ አርብቶ አደር ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ሣር በእሾህ ተውጧል።

አሁን ወደ መሣሪያው። ፕሮሶፒስ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ አይሞትም። የሚያቆጠቁጥበት አካሉ ከአፈሩ በታች፣ በሥሩ አናት ላይ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ከዚያ በታች መቁረጥ ያስፈልጋል። በትልልቆቹ ላይ ደግሞ ከዚያም ይጠልቃል። ማንኛውም መሣሪያ መመዘን ያለበት በዚህ ነው።

የሞተር መጋዝ ፈጣን ነው፤ ግን ጉቶውን ትቶ ይሄዳል። አንድ ግንድ የነበረው ዛፍ ብዙ ግንድ ያለው ቁጥቋጦ ሆኖ ይመለሳል። ዶዘርም ብዙውን ጊዜ ግንዱን ገንድሶ ሥሩን ያስቀራል፤ አፈሩን ሲያገላብጥ ለዓመታት ተኝቶ የቆየውን ዘር ያነቃል፤ ነባሩን ግራርም አብሮ ይጠርጋል። እስካቫተር ከነሥሩ መንቀል ይችላል፤ ነገር ግን ነዳጁ፣ መለዋወጫውና መካኒኩ የሚያዋጡት ወዲያው በመስኖ ለሚታረስ መሬት ነው። ለግጦሽ መሬት አይደለም።

የቀረው ዶማ፣ አካፋና መጥረቢያ ነው፤ ከወፍራም ጓንትና ከጠንካራ ጫማ ጋር። «ይህማ አዝጋሚ ነው» ይባላል። እውነት ነው። ጥቅጥቅ ያለውን ጫካ ለመክፈት ማሽን ቢቀድም ማንም አይከለክልም። ጉቶውን እየለየ የሚነቅለው፣ ግራሩን የሚያተርፈው ግን የሰው እጅ ነው። የቀን ክፍያውም እዚያው ቀበሌ ይቀራል።

«ከሰል አክሳዮች ያጸዱታል» የሚለው መፍትሔም አያዛልቅም። ክፍያው በጆንያ ከሆነ ሠራተኛው የሚቆርጠው ለከሰል የሚመቸውን ግንድ ነው። ጉቶውን ማን ይንቀለው?

ከሁሉም የከፋው የሚረሳው ሥራ ነው። ከብትና ፍየል ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው ይበትናሉ። ስለዚህ የተመነጠረው መሬት ሣር ሊዘራበት፣ አዲስ ችግኝም በየዓመቱ በእጅ ሊነቀልለት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ለማሽን ግዢ በጀት የሚይዝ ዕቅድ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት ነቃይ በጀት ካልያዘ፣ ዕቅዱ ለሪፖርት የተጻፈ ነው።

መለኪያው ይቀየር። ክፍያ በምረቃው ቀን በታየው ባዶ ሄክታር ሳይሆን፣ ከአንድ ክረምት በኋላ ሳያቆጠቁጥ በቀረው ጉቶ ይሁን። ያኔ የትኛው መሣሪያ እንደሚገዛ ክርክር አይኖርም፤ ዶማው ራሱ ይመሰክራል።