ቀኑና ቦታው የጠፋ ማስጠንቀቂያ

በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬዳዋ ሲገባ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው ተጠርጥረው ተመዘገቡ። ከዚያ አስቀድሞ በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ ገብቶ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች መጤ ትንኝ በከተማዋ ወባን አስፋፋች። ይህን ሁሉ ባየች ከተማ፣ ከሳቢያን እስከ ከዚራ፣ ሰው በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም የደረሰውን የጤና ማስጠንቀቂያ ለዘመድ አዝማዱ ለማድረስ ቢቸኩል አይፈረድበትም። ቅንነቱን አከብራለሁ። የሚያሳስበኝ ግን መልእክቱ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር መጀመሪያ የሚጠፋው ቀኑና ቦታው መሆኑ ነው። እነዚህ ከጠፉ ደግሞ እውነተኛ ምክር እንኳ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

«ማታ አጎበር ውስጥ ተኙ» የሚለውን እንውሰድ። ለወባ ትክክለኛ ምክር ነው። ዴንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ኤዴስ ትንኝ ግን የምትናከሰው በአብዛኛው ቀን፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው። ለሌላ አካባቢና ለሌላ በሽታ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ሳቢያን ሲደርስ፣ ቤተሰቡ አጎበሩን ሰቅሎ በርሜሉን ይረሳል። ዋናው ነገር ያለው ደግሞ በርሜሉ ላይ ነው። የቧንቧ ውሃ እየተቆራረጠ ስለሚመጣ ሰው በበርሜልና በሮቶ ያጠራቅማል፤ ትንኟም እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ በዕቃው ግድግዳ ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ሊቆይና ውሃ ሲነካው ሊፈለፈል ይችላል። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳውን ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያም አጥብቆ መክደን ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በቅብብሎሽ ተቆራርጦ «ውሃ አታጠራቅሙ» ብቻ ሆኖ ከደረሰ ማን ይፈጽመዋል?

ከሁሉ የሚከፋው የመድኃኒት ስም የያዘ መልእክት ነው። ወባም፣ ዴንጊም፣ ቺኩንጉንያም በትኩሳት ይጀምራሉ፤ ያለ ምርመራ መለየቱ ያስቸግራል። መገጣጠሚያዬን ቆረጠመኝ ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የዋጠ ሰው በሽታው ዴንጊ ከሆነ ለመድማት አደጋ ይጋለጣል። የመድኃኒት ስም ያለበትን መልእክት ባለማስተላለፍ የሚቀር ጥቅም አይታየኝም።

«እስክናጣራ ሰው ቢሞትስ? ውሸት ቢሆንስ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይጎዳል፤ በከንቱ ደጋግሞ የተደናገጠ ሰው እውነተኛው ማስጠንቀቂያ ሲመጣም አይቶ ያልፈዋል። ማጣራቱም ቢሆን ቀናት የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያውን መጠየቅ ነው። ሌላው ሙግት ይከብዳል፦ መንግሥት ራሱ ይዘገያል፣ ይሸፋፍናል። እውነት አለው። በአገራችን ኮሌራ ለዓመታት «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እየተባለ ይነገር ነበር፤ ስሙ በይፋ የማይጠራ በሽታ ደግሞ ወሬ ይጋብዛል። ሆኖም የባለሥልጣን ዝምታ ባለቤት የሌለውን መልእክት እውነት አያደርገውም። ዝምታው የሚሰበረው ጤና ቢሮው በሽታው በታየ ሰሞን ስሙን፣ ቀበሌውንና ቀኑን ጠርቶ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ሲናገር ነው፤ የሚያስተላልፈውም ሰው ይህን መግለጫ ቀኑን ሳይቆርጥ እንዳለ ሲልከው።