ሆድና አንጎል ምን ይነጋገራሉ?

በቋንቋችን ስሜት የሚቀመጠው በልብ ብቻ አይደለም። የሚያሳዝን ነገር ስናይ «አንጀቴን በላው» እንላለን፤ ሲከፋን «ሆዴ ባባ» እንላለን፤ ታጋሹን ሰው «ሆደ ሰፊ» እንለዋለን። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ሲሉ ስለ ነርቭ አልተማሩም፤ አባባላቸው ግን ከእውነቱ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ምርመራው የተጀመረው በአንድ አደጋ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን አሜሪካ በአውሬ ቆዳ ንግድ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው አሌክሲስ ሴንት ማርቲን ሆዱን በጥይት ይመታል። ሰውየው ቢተርፍም ቁስሉ ሳይገጥም ቀርቶ ጨጓራው ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያች ቀዳዳ ለዓመታት ሲመለከት ከቆየ በኋላ በ1833 መጽሐፍ አሳተመ። ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ሰውየው ሲናደድ የምግቡ መፈጨት መዛባቱ ነው።

ዛሬ ምክንያቱ በተሻለ ይታወቃል። በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት ተዘርግተው ይገኛሉ። ቬገስ የሚባለው ረጅም ነርቭ ደግሞ ሆድን ከአንጎል ጋር ያገናኛል። ይህ ነርቭ ትእዛዝ ማውረጃ ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከክሮቹ የሚበዙት ወሬ የሚያደርሱት ከታች ወደ ላይ ነው።

ሦስተኛ ተነጋጋሪም አለ፤ ይኸውም በአንጀታችን የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። በ2016 የወጣ ስሌት በአንድ ሰው አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንደሚኖር ይገምታል፤ ተጠራቅሞ ቢመዘን ግን ሩብ ኪሎ አይሞላም። አብዛኛው የሚኖረው በትልቁ አንጀት ሲሆን፣ እኛ ልንፈጨው ያልቻልነውን የእህልና የአትክልት አሰር እያብላላ የአንጀትን ግድግዳ የሚመግቡ አሲዶችን ያመርታል። በአካላችን ካለው ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር 90 በመቶ ያህሉ የሚሠራውም በአንጀት ነው። ሆኖም ይህ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አይገባም፤ ሥራው እዚያው አንጀት ላይ ነው። «የደስታ ቅመም ከሆድ ይመነጫል» የሚሉ ጽሑፎች ይህችን ነጥብ ይዘልሏታል።

በ2004 የጃፓኑ ኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ያሳደጓቸው አይጦች እንዳይንቀሳቀሱ ሲታገቱ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ይልቅ ከፍ አለ። በለጋነታቸው የሌሎች አይጦች ባክቴሪያ ሲሰጣቸው በከፊል ተስተካከለ፤ ዘግይቶ ለተሰጣቸው ግን አልሆነም። በ2011 ደግሞ በአየርላንድ ኮርክ ከተማ አንድ ዓይነት ላክቶባሲለስ የተመገቡ አይጦች ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ቬገስ ነርቫቸው ሲቆረጥ ለውጡ ጠፋ። ያው ባክቴሪያ በጤነኛ ወንዶች ላይ ተሞክሮ በ2017 ውጤቱ ሲወጣ ግን ባዶ ክኒን ከወሰዱት የተለየ ጥቅም አልታየም። ስለዚህ «ጭንቀት ያጠፋል» እየተባለ ለሚሸጥ የባክቴሪያ እንክብል ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደጋግማችሁ እንድታስቡ እንመክራለን።

ይህን ያነሣንበት ዋና ምክንያት ሌላ ነው። ሆዱን እያመመው ምርመራ ሁሉ «ምንም የለም» የሚባል ሰው በየቤቱ አለ። ቤተሰቡ «አስመሳይ» ይለዋል፤ እርሱም ከክሊኒክ ክሊኒክ ይንከራተታል፤ በየጊዜው «አሜባ ይሆናል» እያለ ሜትሮኒዳዞል ይውጣል። ሕመሙ እውነተኛ ነው። በሆድና በአንጎል መካከል ያለው መልእክት ሲዛባ ቁስል ሳይኖር ሕመም ይሰማል። ያለ ምርመራ የሚዋጥ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ጠቃሚውንም አብሮ ይገድላል።

በአንጻሩ ሁሉን ነገር በጭንቀት ማሳበብም አይገባም። የጨጓራ ቁስል ለረጅም ዘመን የሐሳብ በሽታ ነው ሲባል ኖሮ፣ አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ዋናው ጠንቅ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን አሳዩ፤ በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ነው።

ከማድ ቤት በኩል ነገሩ ቀላል ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ፣ ለማፍጠሪያም ተምር ጥሩ አሰር አላቸው። እንጀራችን በእርሾ የቦካ ቢሆንም ባክቴሪያው ምጣድ ላይ ይሞታል፤ እርጎ ውስጥ ግን በሕይወት ይኖራል። ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ እናቶች ወተቱን አፍልተው ካበረዱ በኋላ በንጹሕ እርጎ ቢያረጉት ይሻላል።

ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ለድብርት ወይም ለጭንቀት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እርጎ ስለጀመረ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ።