ጠቢብን ሰድቦ ቴክኖሎጂ አይገኝም!

የአክሱምን ሐውልትና የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እየጠራን ደረታችንን እንነፋለን፡፡ ብረት የሚያቀልጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ወገናችን ሲመጣ ግን «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ፋቂ» እያልን ፊታችንን እናዞራለን፡፡ ጠይብ የሚለው ስድብ ጠቢብ ከሚለው የክብር ቃል ጋር አንድ ሥር እንዳለው እንኳ ረስተነዋል፡፡

ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፡፡ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን አልሞተም፡፡ አዋጅ አፍን ይዘጋ እንደሆን እንጂ ልብን አይለውጥም፡፡ ልብ የሚለወጠው በልጅነት፣ በትምህርት ቤት ነው፡፡

በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን በመደበኛው ት/ቤት ውስጥ ማስገባቱ እሰየው ያሰኛል፡፡ ጥያቄው ግን ማን፣ ምን ይማራል? የሚለው ነው፡፡ በጃንሆይ ዘመን በአጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የእንጨትና የብረት ሥራ የወንድ፣ የቤት አያያዝ የሴት ተብሎ እንደነበረ ይታወቃል፡፡ ዛሬም ያው አጥር ከተተከለ ምኑን አዲስ ሆነ?

እስቲ አገራችንን እንመልከት፡፡ ዶርዜ ቤቱን በቀርከሃ ይሸምናል፤ ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላውን ቆርጦ ቤቱን አንስቶ ሌላ ቦታ ይተክለዋል፡፡ የአፋር ሴት ቤቷን ራሷ ትሠራለች፤ አፍርሳም በግመል ጭና ትሄዳለች፡፡ የሐረር ሴቶች ስፌት በቀለምና በስሌት የተሞላ ነው፡፡ ይህ ዲዛይን ካልሆነ ታዲያ ዲዛይን ምንድን ነው? «ግንባታ የወንድ ነው» የሚለው አስተማሪ የአፋሯን እናት ምን ሊላት ነው? በመሐል አገርስ ፈታይዋ ሴት፣ ሸማኔው ወንድ ነው መባሉ ልማድ እንጂ ሌላ ምን ምክንያት አለው?

ሌላም አደጋ አለ፡፡ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፡፡ ሙያ የቀሩት ሁሉ መጣያ ከሆነ የድሮው ንቀት ካባ ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው፡፡ ሙያ የወደቀ ልጅ ቅጣት አይደለም!

ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ቢሮዎች መጽሐፍ አሳትመው እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም፡፡ መዶሻና መጋዝ የሌለበት የሙያ ትምህርት በጠመኔ ዋና እንደማስተማር ነው፡፡ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ አንጥረኛው ክፍል ገብተው ያስተምሩ፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው፡፡ ሴቷም መጋዝ፣ ወንዱም መርፌ ይያዝ፡፡ አካል ጉዳተኛው ልጅ ጥግ ይዞ ተመልካች እንዳይሆን መሣሪያውና ጠረጴዛው ለእሱም ይመች፡፡

የጠቢብ ልጅ የአባቱን ሥራ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ሳያፍር የሚናገርበት ቀን ሲመጣ፣ ያኔ ቴክኖሎጂ ተማርን እንላለን፡፡ ልብ ያለው ልብ ይበል!